ስለ ውሻ ጆሮ ማሳከክ፤ ምክንያቱ፣ መከላከያውና ሕክምናው

በካርቱም ከተማና በአካባቢዋ ውሻ የማያሳድግ መንደር የለም ለማለት ይቻላል። በጥቁር ዓባይና በነጭ ዓባይ ዳር አትክልት የሚያለማው ገበሬ ማሳውን፣ ፍየልና በግ የሚያረባው ሰው በረቱን፣ የከተማውም ነዋሪ ግቢውን የሚያስጠብቀው በውሻ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደ ተባለው ሁሉ፣ ይህ እንስሳ ለሚያገኘው ትርፍራፊ ሌሊቱን ሙሉ በመንቃት ብድሩን ይመልሳል። በጨለማ ሌባውንና አውሬውን የሚለየው ግን ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫውና በጆሮው ስለ ሆነ፣ ጆሮው የታመመ ውሻ ዘበኛነቱ ይጓደላል። ሌሊቱን በማከክና ራሱን በማራገፍ ያሳልፋል፤ ቀን ደግሞ ደክሞት ይተኛል፤ ሕመሙም ሲጸና የመስማት ኃይሉን እስከ ማጣት ይደርሳል።

ብዙ ሰው ውሻው ጆሮውን ሲያክ ባየ ጊዜ «የውሻ ጠባይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጥቂቱ ደግሞ በችኰላ ናፍጣ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያፈስበታል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ከሁለቱ የሚብስ ሦስተኛ ስሕተትም አለ፤ ይኸውም ሕመሙ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ገብቶ ውሻው አንገቱን አጣምሞ መዞርና መንገዳገድ በጀመረ ጊዜ «አብዷል» ተብሎ በድንጋይ መገደሉ ነው። በአንጻሩም በእውነት የእብድ ውሻ በሽታ የያዘውን ውሻ «ጆሮውን አሞት ነው» ብሎ በእጅ መዳሰስ የሰው ሕይወት ያስጠፋል። ስለዚህ ነገሩን በዝርዝር ማወቅ ለገበሬውም፣ ለከተማው ነዋሪም፣ የሕዝብ ጤና ኀላፊነት ላለበት ሹምም ይጠቅማል።

የውሻ ጆሮ አሠራር

የሰው ጆሮ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አጭር ነው። የውሻው ግን አስቀድሞ ቍልቍል ይወርድና ከዚያ በኋላ ወደ ራሱ ውስጥ ይታጠፋል። የጆሮው ታምቡር ያለው ከእጥፋቱ ወዲያ ነው። በዚህ አሠራር ምክንያት በጆሮው ውስጥ የገባ ውሃ፣ ትቢያ ወይም የሣር እሾኽ በቀላሉ አይወጣም። በውስጡም ሙቀትና እርጥበት ስለሚጠራቀሙ ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት እንዲራቡ ይመቻቸዋል። ጥጥ በእንጨት ጠምጥሞ መጐርጐርም ኩኩን ወደ እጥፋቱ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም፤ ታምቡሩንም ለመብሳት ያሰጋል።

የሕመሙ ምክንያቶች

ማሳከክ ራሱ በሽታ አይደለም፤ የበሽታ ምልክት ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚደረግ ሕክምና ለጊዜው ያስታግሥ ይሆናል እንጂ አያድንም። በካርቱምና በመሰሉ ሞቃት አገሮች በይበልጥ የሚገኙት ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. የጆሮ እከክ። ይህን የሚያመጣው ኦቶዴክቴስ የተባለ ከግማሽ ሚሊሜትር የሚያንስ ተባይ ነው። በጆሮው ቀዳዳ ውስጥ ይኖራል፤ ከእንቍላል ተነሥቶ እስኪጐለምስ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ከሌሎች ይልቅ ቡችሎችንና ድመቶችን ይይዛል፤ ካንዱ ወደ ሌላውም በመነካካት ይተላለፋል። ምልክቱ ጥቍር፣ ደረቅና የቡና አተላ የመሰለ እድፍ በጆሮው ውስጥ መገኘቱ ነው።

2ኛ. የቆዳ እከክ። ሳርኮፕቴስ የተባለው ሌላው ተባይ ቆዳውን እየቦረቦረ ይገባል፤ በተለይም የጆሮውን ጠርዝ፣ ክርኑንና ሆዱን ይወዳል። የጆሮው ጠርዝ ጠጕሩ ይረግፍና ቅርፊት ያወጣል። ጠርዙን በሁለት ጣት ይዞ ቀስ አድርጎ ቢያሹት ውሻው ወዲያው የኋላ እግሩን እንደሚያክ አድርጎ ቢያንቀሳቅስ ይህ እከክ መኖሩን ያስጠረጥራል። ለጊዜውም ቢሆን ወደ ሰው ተላልፎ ስለሚያሳክክ፣ የቤቱ ልጆች ክንድና ሆዳቸውን ሲያሳክካቸው ከተገኙ ውሻውን መመርመር ይገባል።

3ኛ. መዥገር። በሱዳን የሚገኙትን መዥገሮች በሰፊው የመረመረው አሜሪካዊው ሊቅ ሃሪ ሁግስትራል ነው፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1956 ዓ. ም. ያሳተመው ከ1000 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፉ እስካሁን ተመራማሪዎች የሚጠቅሱት ነው። ከመዥገሮቹ መካከል የውሻ ወዳጅ የሆነው ቡናማው መዥገር በጆሮው ውስጥና በጆሮው ሥር፣ በጣቶቹም መካከል ይጣበቃል። ይህ መዥገር ከሌሎቹ የሚለይበት ጠባይ አለው። ከሜዳ ይልቅ በቤት ውስጥ መኖር ይስማማዋል፤ ሴቲቱም ደም ጠግባ ከወረደች በኋላ በግድግዳ ስንጥቅና በበር መቃን ሥር በሺህ የሚቈጠር እንቍላል ትጥላለች። ካደገም በኋላ ሳይመገብ ብዙ ወራት ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ ከውሻው ላይ መዥገር መልቀም ብቻውን አይበቃም፤ ማደሪያውም መጽዳት አለበት። መዥገሩ ከማሳከክ በላይ ደም የሚያመርዝ ትኵሳት ያመጣል። በ1935 ዓ. ም. በአልጀርስ የታወቀው ኤርሊኪያ የተባለው በሽታ የሚተላለፈው በዚሁ መዥገር ነው። የያዘው ውሻ ይከሳል፣ ያተኵሰዋል፣ አንዳንድ ጊዜም በአፍንጫው ይደማል።

4ኛ. ነካሽ ዝንብ። በተለይ ጆሮው የቆመ ውሻ በዚህ ይቸገራል። ዝንቡ የጆሮውን ጫፍ እየነከሰ ደም ይመጥጣል፤ ቁስሉ ቅርፊት ይይዛል፤ ውሻው ሲያክከው እንደገና ይደማል። ሌሎች ዝንቦችም በቁስሉ ላይ እንቍላል ቢጥሉ ትል ይፈላበታል። ነካሹ ዝንብ የሚራባው በፍግና በበሰበሰ ገለባ ውስጥ ስለ ሆነ በረቱ በውሻው ማደሪያ አጠገብ በሆነበት ግቢ ይበረታል።

5ኛ. የሣር እሾኽ። ሱዳኖች «ሐስካኒት» የሚሉት፣ እንደ አገራችን ጭጎጎት በልብስና በጠጕር ላይ የሚጣበቅ የሣር ፍሬ አለ። ክረምቱ ዐልፎ ሣሩ በደረቀ ጊዜ እንዲህ ያለው እሾኽ በውሻው ጆሮ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። እሾኹ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ የማይሄድ ሆኖ ስለ ተፈጠረ በራሱ አይወጣም። ደኅና የነበረ ውሻ ከሜዳ እንደ ተመለሰ በድንገት ራሱን ቢያራግፍና አንዱን ጆሮ ብቻ ቢያክ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

6ኛ. እርሾና ባክቴሪያ። ማላሴዝያ የተባለው የእርሾ ዓይነትና ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች በጤነኛ ውሻ ጆሮም በጥቂቱ ይኖራሉ። ጆሮው በረጠበ፣ በቈሰለ ወይም በተቈጣ ጊዜ ግን ይበዛሉ። እርሾ ሲሆን ቡናማ፣ ቅባትነት ያለውና ሽታው የሻገተ ፈሳሽ ይታያል። ባክቴሪያ ሲሆን ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል ይወርዳል፤ ሕመሙም ብርቱ ነው። በበጋ በዓባይ የሚዋኝ ውሻ ጆሮው ሳይደርቅ ስለሚውል ለዚህ ሕመም የተጋለጠ ነው።

7ኛ. አለርጂ። በየጊዜው እየዳነ የሚመለስ የሁለቱም ጆሮ ማሳከክ መነሻው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የውሻው ሰውነት ለትቢያ፣ ለአበባ ብናኝ፣ ለቁንጫ ንክሻ ወይም ለአንድ ዓይነት ምግብ ከመጠን በላይ ይቈጣል። እንዲህ ያለው ውሻ ከጆሮው ሌላ መዳፉን አብዝቶ ይልሳል፤ ብብቱና ሆዱም ይቀላል። እርሾውና ባክቴሪያው ተከታዮች ስለ ሆኑ፣ እነሱን ብቻ ማከም ቅጠሉን ቈርጦ ሥሩን እንደ መተው ይቈጠራል።

የማይገቡ ሕክምናዎች

ናፍጣ፣ ቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት የጆሮውን ሥጋ ያቃጥላሉ፤ ውሻውም ሲልሰው ይመረዛል። አልኮል፣ የሎሚ ጭማቂና ኮምጣጤ በቈሰለ ጆሮ ላይ ብርቱ ሥቃይ ያመጣሉ። ውሻው ከዚያ በኋላ ማንም ጆሮውን እንዳይነካው በመናከስ ይከላከላል። ለከብት መርጫ የተዘጋጁ እንደ ዲያዚኖን ያሉት የተባይ መድኃኒቶች በጆሮ ውስጥ ሊፈሱ ከቶ አይገባም። ፐርሜትሪን የተባለውም ለውሻ ቢቀባ፣ በዚያው ቤት ላለች ድመት ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ለከብት የተዘጋጀውን የኢቨርሜክቲን መርፌ በግምት መውጋትም አደገኛ ነው። ኮሊና የመሳሰሉት የበግ ጠባቂ ውሾች በትውልድ ባገኙት ጠባይ ምክንያት መድኃኒቱ ወደ አንጐላቸው ስለሚገባ በመጠነኛ መድኃኒት እንኳ ሊሞቱ ይችላሉ። በከተማ ያሉ ውሾች ብዙዎቹ ዘራቸው የተቀላቀለ ስለ ሆነ መልካቸውን አይቶ መለየት አይቻልም።

ለሰው የታዘዘ የጆሮ ጠብታም ለውሻ አይደረግ። ታምቡሩ የተበሳ ከሆነ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ወደ ውስጠኛው ጆሮ ዘልቀው ያደነቍራሉ። ጆሮውን መቍረጥም በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ እንደ መከላከያ ይቈጠራል፤ ነገር ግን እከኩንም፣ መዥገሩንም፣ አለርጂውንም የማይከለክል ከንቱ ሥቃይ ነው።

ተገቢው አደራረግ

አስቀድሞ ውሻውን ለሚያምነው ሰው ማስያዝና አፉን በለስላሳ ጨርቅ ማሰር ያስፈልጋል። አሰራሩ ትንፋሹን የማይከለክል ይሁን፤ በሙቀት ሰዓትም ረጅም ጊዜ አይቈይ። ከዚያም ሁለቱን ጆሮዎች በብርሃን ማየት፣ ማሽተትና ማነጻጸር ነው። የቡና አተላ የመሰለው እድፍ ወደ እከክ፣ የሻገተው ሽታ ወደ እርሾ፣ መግሉ ወደ ባክቴሪያ፣ የጫፉ ቅርፊት ወደ ዝንብ ያመለክታል። ይህ ግን ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። የእንስሳት ሐኪም በመሣሪያው ታምቡሩን ያያል፤ ከእድፉም ጥቂት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል፤ ትክክለኛው መድኃኒት የሚታወቀውም በዚህ ነው።

ሐኪሙ ታምቡሩ ደኅና መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ጆሮውን በቤት ማጽዳት ይቻላል። ለዚሁ የተዘጋጀው ማጽጃ ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝ ግን በአንድ ሊትር የፈላ ንጹሕ ውሃ ውስጥ 9 ግራም፣ ማለት አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው በጥብጦ ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውሻውን ያዞረዋል። ጆሮውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ይዞ ቀዳዳውን መሙላት፣ ከዚያም የጆሮውን ሥር ከውጭ በጣት ለግማሽ ደቂቃ ያህል ቀስ አድርጎ ማሸት፣ በመጨረሻም ውሻው ራሱን እንዲያራግፍ መልቀቅ ይገባል። ማራገፉ እድፉን ከእጥፋቱ ወደ ላይ ያወጣዋል። የወጣውን በጥጥ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ጣት እስከሚደርስበት ብቻ መጥረግ፣ ከዚያም ማድረቅ ነው። በማጽዳቱ ጊዜ ውሻው እጅግ ቢጮኽ ወይም አንገቱን ቢያጣምም ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል።

ሐኪሙ ያዘዘው ጠብታ እስከ ቀነ ገደቡ ድረስ መሰጠት አለበት። ብዙ ሰው ማሳከኩ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሲበርድ መድኃኒቱን ያቋርጣል፤ በሽታው የሚመለሰው ስለዚህ ነው። የጆሮ እከክ ከሆነ፣ ተባዩ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደገና ስለሚፈለፈል ሕክምናው ከዚያ ማነስ የለበትም፤ በቤቱ ያሉት ውሾችና ድመቶችም ሁሉ፣ ያላከካቸውም ቢሆኑ፣ አብረው መታከም አለባቸው። በዛሬው ጊዜ ፍሉራላነርና አፎክሶላነር የተባሉ የሚዋጡ እንክብሎች፣ እንዲሁም ሴላሜክቲን የተባለ በቆዳ ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት አሉ። እነዚህ እከኩን በውስጥ ያጠፋሉ፤ እንክብሎቹ ከዚህ በላይ መዥገሩን ይገድላሉ፤ የኀይላቸውም ዘመን እንደ ዓይነቱ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው። መጠናቸው በውሻው ክብደት ስለሚለካ በግምት አይሰጡ፤ የሚጥል በሽታ ላለበትም ውሻ እንክብሎቹን ሐኪም ሳይፈቅድ አይስጡ።

መዥገር በተገኘ ጊዜ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ቀጥ ብሎ መሳብ ነው እንጂ በእሳት መለብለብ ወይም ቤንዚን መቀባት አይገባም። በጣት መጨፍለቅም ደሙ ስለሚበክል ክልክል ነው። ለነካሽ ዝንብ ዋናው መድኃኒት ፍጉን ከግቢ ማራቅና የውሻውን መኝታ ገለባ በየሳምንቱ መለወጥ ነው። የዋኘ ወይም የታጠበ ውሻ ጆሮው በጨርቅ ይድረቅ። ውሻው በብዙ ማራገፍ የተነሣ ጆሮው በደም ተሞልቶ እንደ ከረጢት ቢያብጥ በቤት በምላጭ መብጣት አይገባም፤ ይህ የሐኪም ሥራ ነው።

ከእብድ ውሻ በሽታ ስለ መለየት

የጆሮ ሕመም ወደ ውስጥ ሲገባ ውሻው አንገቱን ባንድ ወገን ያዘነብላል፣ ወደዚያው ወገን ይዞራል፣ ይንገዳገዳል፣ ያስታውካል። ነገር ግን ጌታውን ያውቃል፣ ሲጠሩት ሊመጣ ይሞክራል፣ ውሃም ይጠጣል። ከዚያም በፊት ለሳምንታት ጆሮውን ሲያክ መቈየቱ ይታወቃል። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ግን ጠባዩ በጥቂት ቀን ውስጥ ይለወጣል። የዋሁ ይቈጣል ወይም ቍጡው ይፈዛል፤ ድምፁ ይጐረናል፣ መንጋጋው ይላላል፣ ለሐጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል፤ ያለ ምክንያትም ያገኘውን ይነክሳል።

ቢሆንም ምልክቶቹ አንዳንድ ጊዜ ስለሚቀላቀሉ፣ ያልተከተበ ውሻ ጠባዩ በተለወጠ ጊዜ ማንም እጁን በአፉና በጆሮው አጠገብ አያግባ። ለብቻው ዘግቶ ለእንስሳት ሐኪም ወይም ለጤና ሹም ማስታወቅ ያስፈልጋል። ጆሮውን ሲያጸዱለት የነከሰም ቢሆን፣ ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው። ነካሹ ውሻ ሳይገደል ታስሮ 10 ቀን ቢጠበቅና ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም ለማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች ከመቶ 99ኙን የሚያሲዘው ውሻ ነው። ከአንድ አገር ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ቢከተቡ በሽታው ሊቋረጥ እንደሚችል ሊቃውንት ይስማማሉ። ጆሮውን ለማሳከም ወደ ሐኪም የተወሰደ ውሻ እግረ መንገዱን ቢከተብ አንድ ጉዞ ሁለት ጥቅም ያስገኛል።

በካርቱም ስላለው ሁኔታ

ካርቱም በዚህ ሙያ እንግዳ ከተማ አይደለችም። በጎርደን ኮሌጅ ውስጥ በ1903 ዓ. ም. በፈረንጆች አቈጣጠር የተከፈተው የዌልከም የምርምር ቤት፣ በዶክተር አንድሩ ባልፎር መሪነት፣ መዥገር በዶሮዎች ላይ ስለሚያመጣው በሽታ ከፍ ያለ ጥናት አድርጎ ነበር። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱም በ1938 ዓ. ም. ተቋቁሞ፣ በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ክፍል በመሆን ለሱዳን ብዙ ሐኪሞችን አፍርቷል።

በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ. ም.፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ በከተማይቱ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በጀሬፍና በዴም ሰፈሮች ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸው ጋራ ተሰደዱ፤ ከፊሎቹም በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ልጅና ስንቅ ተሸክሞ የሚሸሽ ሰው ውሻውን ሊያስከትል ስላልቻለ፣ ብዙ ውሾች ያለ ጌታ ቀሩ። የሕክምና ቤቶችና የመድኃኒት መደብሮችም ተዘረፉ። የሱዳን ጦር ከተማይቱን በመጋቢት 2017 ዓ. ም. መልሶ ከያዘ ወዲህ ነዋሪዎች እየተመለሱ ነው።

ለተመላሾቹ ሦስት ምክር እንሰጣለን። አንደኛ፣ ተዘግቶ የከረመ ቤት መዥገር ሊያደባበት ስለሚችል፣ ልጆችና ውሻ ከመግባታቸው በፊት የግድግዳው ስንጥቅ ይደፈን፣ ወለሉ ይጠረግ፣ አሮጌው ምንጣፍ ይቃጠል ወይም ይራቅ። ሁለተኛ፣ በግቢው የተገኘ ባለቤት የሌለው ውሻ ምንም የዋህ ቢመስል ሳይከተብ ጆሮውን ለማከም መሞከር አይገባም። ሦስተኛ፣ ሐኪም በቅርብ ባልተገኘ ጊዜ ጆሮውን በውጭ በኩል በለብታ የጨው ውሃ ጠርጎ ማድረቅ፣ ዝንብ መከልከል፣ እንዳያክከውም በአንገቱ ዙሪያ ሰፊ ካርቶን ማሰር ይበቃል። ያልታወቀ ፈሳሽ ከማፍሰስ ምንም አለማፍሰስ ይሻላል።

እንግዲህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ውሻውን በሚመግቡበት ሰዓት፣ ሁለቱን ጆሮዎች ገልጦ ማየትና ማሽተት ልማድ ይሁን። ጤነኛ ጆሮ ውስጡ ፈዘዝ ያለ ሮዝ መልክ ያለው፣ ደረቅና ሽታ የሌለው ነው። ከዚህ የተለየ ነገር ሲታይ በዚያው ሳምንት መፍትሔ ቢፈለግለት ሕክምናው ቀላልና ወጪውም ጥቂት ነው። ለወራት ከተተወ ግን የጆሮው ቀዳዳ እየወፈረ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ይህም በሁሉ ስፍራ አይገኝም። ሌሊት የሚጠብቀን እንስሳ ጆሮው ጤነኛ እንዲሆን ማድረግ፣ የቤታችንን ደጅ እንደ መጠበቅ ይቈጠራል።